ሚኒሞው ሲዛባ ምን እናድርግ?

ለአዲስ አንባብያን በሬዲዮ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሞተር ብስክሌት ነው። ደብተርና እርሳስ ያላችሁ አቅርቡ። ዛሬ ያስፈልጋችኋል።

ሞተር ብስክሌት የብዙ ሰው እግር ሆኗል። የጤና ሠራተኛዋ ክትባት ይዛ ወደ ሩቅ ቀበሌ የምትደርሰው በእሱ ነው። የግብርና ባለሙያው ከማሳ ማሳ የሚዞረው በእሱ ነው። ሰው እያመላለሰ ልጆቹን የሚያሳድግበትም ብዙ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ሲታመም የሚቆመው ብረት ብቻ አይደለም። የሰው ሥራ ይቆማል። የዕለት እንጀራ ይጓደላል። በክትባቱ ሣጥን ውስጥ ያለው በረዶ ይቀልጣል።

ከሞተር ሕመሞች አንዱ የሚኒሞ መዛባት ነው። ሚኒሞ ምንድን ነው? ሞተሩ ተነሥቷል እንበል። ማርሹ ዜሮ ላይ ነው። እጃችንን ከነዳጅ መስጫው ላይ አንሥተናል። ያን ጊዜ ሞተሩ በራሱ፣ በዝቅተኛ ዙር ይሠራል። ሚኒሞ ማለት ይህ ነው። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ዝቅተኛው፣ ትንሹ ማለት ነው።

ደኅና ሞተር በሚኒሞ ሲሠራ ድምፁ እኩል ነው። ምቱ ደኅና ሰው እንደሚመታው ከበሮ ነው። ሚኒሞው ሲዛባ ግን ዙሩ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይላል። አንዳንዴ ምት ይስታል። አንዳንዴም ድንገት ይጠፋል። መስቀለኛ መንገድ ላይ፣ መኪና እየመጣ ሳለ ቢጠፋስ? አደጋ ነው።

እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው ምን ያደርጋል? ካቻቢቴ ያነሣል። ካርቡሬተሩ ላይ ያየውን ብሎን ሁሉ ይጠመዝዛል። አንዱን ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደ ግራ። በመጨረሻ የት እንደነበረ ይጠፋበታል። ድሮ አንድ የነበረው ችግር ሁለት ይሆናል። አበው "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" ይላሉ። ዛሬ እኛ ደግሞ ከመጠምዘዝ ማዳመጥ ይቅደም እንበል።

አንድ ነገር ላስታውቃችሁ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ዓይነት ሞተር ነው። ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ አራት ምት፣ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ነው። በገጠር መንገድ ላይ የምናያቸው ከ100 እስከ 200 ሲሲ ያሉት ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። አዳዲሶቹ ግን ካርቡሬተር የሌላቸው አሉ። ቤንዚኑን የሚመጥነው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። በእነሱ ላይ የአየር ማጣሪያውንና ካንዴላውን መመልከት ይቻላል። የቀረውን ግን መሣሪያ ላለው ባለሙያ ተዉለት።

ሞተር ምን ይፈልጋል?

ሞተር አራት ነገር ይፈልጋል። አየር፣ ቤንዚን፣ ብልጭታና እመቃ።

ሥራውን በአራት ምት ይሠራል። በመጀመሪያው ምት አየርና ቤንዚን ይስባል። በሁለተኛው ያምቃል። በሦስተኛው ካንዴላው ብልጭ ይላል፤ እሳቱ ፒስተኑን ይገፋል። በአራተኛው ጭሱን ያስወጣል።

እስኪ ሒሳብ እንሥራ። የትንንሽ ሞተሮች ሚኒሞ ብዙ ጊዜ በደቂቃ 1,400 ዙር ገደማ ነው። ባለ አራት ምት ሞተር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ያቃጥላል። 1,400 ለ2 ሲካፈል 700 ይሆናል። ሞተሩ በደቂቃ 700 ጊዜ ያቃጥላል ማለት ነው። በሴኮንድ ሲታሰብ 12 ጊዜ ገደማ ነው። ከእነዚህ ጥቂቶቹ ቢከሽፉ ጆሯችን ወዲያው ይሰማል። ምቱ ተዛባ የምንለው ይህን ነው።

ታዲያ ችግሩ በሚኒሞ ለምን ይብሳል? በሚኒሞ ጊዜ የሚገባው አየርና ቤንዚን በጣም ጥቂት ስለሆነ ነው። በጥቂት ነገር ላይ ትንሽ ስሕተት ትልቅ ነው። ለሁለት ሰው በሚሠራ ወጥ ውስጥ አንድ ማንኪያ ጨው ቢጨመር ይታወቃል። ለሠርግ በሚሠራ ወጥ ውስጥ ግን አይታወቅም። ነዳጅ ሲሰጡት ደኅና የሚሄድ ሞተር ሚኒሞ ላይ የሚታመመው ለዚህ ነው።

ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል ለ1 ኪሎ ቤንዚን 15 ኪሎ ገደማ አየር ያስፈልጋል። ቤንዚን ሲበዛ "ድብልቁ ወፈረ" እንላለን። አየር ሲበዛ "ድብልቁ ሳሳ" እንላለን። ኩራዝን አስቡ። ክሩ ከመጠን በላይ ሲወጣ ጥቁር ጭስ ያወጣል። ድብልቁ የወፈረ ሞተርም እንዲሁ ነው። ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፤ ዙሩ ይከብድና ይጠፋል። ድብልቁ ሲሳሳ ደግሞ ዙሩ ከፍ ዝቅ ይላል። ነዳጅ ስንለቅ ዙሩ ቶሎ አይወርድም። ቁልቁለት ላይ ማርሚታው ይተኩሳል።

ከመጀመራችን በፊት

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛ፣ ሞተሩን በተዘጋ ቤት ውስጥ አታስነሡ። ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም፤ ግን ሰው ይገድላል። ሥራችሁን ደጅ ሥሩ። ሁለተኛ፣ ቤንዚን ስትነኩ ሲጋራ፣ ክብሪት፣ ኩራዝ አይቅረብ። ሞተሩም ይቀዝቅዝ።

አሁን በቅደም ተከተል እንሂድ። ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ገንዘብ ከማያስወጣው ወደሚያስወጣው እንሄዳለን።

አንደኛ፦ ጠይቁ

ሕመምተኛ ሐኪም ቤት ሲሄድ "መቼ ጀመረህ?" ተብሎ ይጠየቃል። ሞተሩንም እንዲሁ ጠይቁ። የሚዛባው ሲቀዘቅዝ ነው? ሲሞቅ ነው? ወይስ ሁልጊዜ? የጀመረው ከዝናብ በኋላ ነው? አዲስ ቤንዚን ከተቀዳ በኋላ ነው? ለብዙ ሳምንት ቆሞ ከከረመ በኋላ ነው? መልሱን በደብተር ጻፉ። ቾኩንም ተመልከቱ። ቾክ ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ ብቻ የሚሠራ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሳይመለስ ከቀረ ድብልቁን ያወፍረዋል።

ሁለተኛ፦ ቤንዚኑን ተመልከቱ

ቤንዚን አለ? መክፈቻው ተከፍቷል? የታንከሩ ክዳን ትንሽ የአየር ቀዳዳ አላት። እሷ ከተደፈነች ቤንዚኑ መውረድ ያቅተዋል። ሞተሩ ጥቂት ከሠራ በኋላ ከጠፋ ክዳኑን ከፍታችሁ ዝጉና እንደገና አስነሡት። ደኅና ከሠራ ጥርጣሬያችሁ ቀዳዳዋ ላይ ይሁን።

ቤንዚን ውስጥ ውሃ ሊገባም ይችላል። በካርቡሬተሩ ሥር፣ ከጽዋው ግርጌ፣ ማፍሰሻ ብሎን አለ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ እሱን ላላ አድርጋችሁ ጥቂት ቤንዚን በንጹሕ ብርጭቆ ተቀበሉ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። አንድ ሊትር ቤንዚን ግን ሦስት አራተኛ ኪሎ ያህል ነው። ስለዚህ ውሃው ከታች ይዘቅጣል፤ ቤንዚኑ ከላይ ይንሳፈፋል። ከታች ጠብታ ጠብታ ሆኖ ካያችሁት ውሃ ነው። ብርጭቆውን ከዚያ በኋላ ለመጠጥ አትጠቀሙበት።

ሦስተኛ፦ የአየር ማጣሪያውን አውጡ

በአቧራ መንገድ ላይ ማጣሪያው ቶሎ ይደፈናል። ሲደፈን አየር ያንሳል፤ ድብልቁ ይወፍራል። ማጣሪያው ስፖንጅ ከሆነ በሳሙና ውሃ ይታጠባል። በደንብ ሲደርቅ በጥቂት ዘይት ይታሻል፤ ይጨመቃል። ማጣሪያው ወረቀት ከሆነ ግን አይታጠብም። ቀስ ብሎ ይራገፋል፤ ከቆሸሸ ወይም ከተቀደደ ይለወጣል። ማጣሪያ ሳይኖር መንዳት ግን አይገባም። አቧራው ገብቶ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላቸዋል።

አራተኛ፦ ካንዴላውን አንብቡ

አንብቡ ያልኩት በስሕተት አይደለም። ካንዴላም ይነበባል። መጀመሪያ በዙሪያው ያለውን አፈር ጥረጉ፤ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። ከዚያ ፍቱት። ጫፉ ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ድብልቁ ወፍሯል። እርጥብና ዘይታማ ከሆነ የሞተር ዘይት ወደ ማቃጠያው እየገባ ነው። ነጭ ከሆነ ድብልቁ ሳስቷል ወይም ሞተሩ ከመጠን በላይ እየሞቀ ነው።

ብልጭታው የሚዘልበት ክፍተት ብዙ ጊዜ ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ነው። ትክክለኛው ቁጥር በሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። ካንዴላው ያረጀ ከሆነ አዲስ ግዙ። ዋጋው ከብዙ ሌሎች ዕቃዎች ያነሰ ነው። ስትመልሱት መጀመሪያ በእጅ አስገቡት። በቁልፍ የሚጠብቀው በመጨረሻ ነው። በጉልበት ከገባ የሲሊንደሩን ጥርስ ያበላሻል።

አምስተኛ፦ መሪውን አዙሩ

ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ መሪውን እስከ መጨረሻ ወደ ግራ፣ ከዚያም ወደ ቀኝ አዙሩ። ማርሹ ዜሮ መሆኑን አትርሱ። መሪው ሲዞር ዙሩ ከፍ ካለ የነዳጅ መስጫው ሽቦ ተወጥሯል፤ ወይም በመጥፎ መንገድ አልፏል። እንዲህ ያለ ሞተር ኩርባ ላይ በራሱ ነዳጅ ይሰጣል። ይህ አደገኛ ነው። ሳይስተካከል አይነዳ።

ስድስተኛ፦ ቾኩን ሞክሩ

አሁን ወደ ዋናው ሙከራ ደረስን። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። በሚኒሞ እየሠራ ቾኩን በጥቂቱ ሳቡ። ጆሯችሁን አቅኑ።

ቾክ ሲሳብ ቤንዚን ይበዛል። የተዛባው ሚኒሞ በዚህ ጊዜ ከተስተካከለ ሞተሩ ቤንዚን አንሶት ነበር ማለት ነው። ድብልቁ ሳስቷል። ሞተሩ ከባሰበት ወይም ከጠፋ ግን ቤንዚን አላነሰውም። ደኅና ሞተርም ቾክ ሲሳብበት ሊከብደው ይችላልና በዚህ ብቻ ወፍሯል ብላችሁ አትፍረዱ። የካንዴላውን ቀለም ጨምራችሁ ፍረዱ። ለፍርድ ሁለት ምስክር ይሻላል።

ድብልቁ ከሳሳ ሁለት ቦታ ፈልጉ። አንዱ በካርቡሬተሩና በሲሊንደሩ መካከል ያለው የጎማ አንገት ነው። ጎማ ሲያረጅ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ያልተጠራ አየር ይገባል። እንዴት እናውቃለን? ሞተሩ እየሠራ በዚያ አንገት ላይ ብቻ ጥቂት ውሃ እርጩ። ልብስ ሲተኮስ የሚረጨውን ያህል ይበቃል። ዙሩ ወዲያው ከተለወጠ ስንጥቁ እዚያ ነው። በውሃ ፈንታ ቤንዚን የሚረጩ አሉ። እናንተ አታድርጉት። በሞቀ ሞተር ላይ ቤንዚን መርጨት እሳት መጥራት ነው።

ሁለተኛው ቦታ በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችው የሚኒሞ ቤንዚን ማሳለፊያ ናት። ቀዳዳዋ እንደ ፀጉር የቀጠነች ናት። ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ከቆመ ቤንዚኑ ይተንና ሙጫ የመሰለ ነገር ይተዋል። ቀዳዳዋም ትደፈናለች። መፍትሔው ፈትቶ ማጠብና በአየር መንፋት ነው። በሽቦ ወይም በመርፌ አትውጉ። ቀዳዳዋ ከሰፋች አትመለስም፤ ዕቃው መለወጥ አለበት።

ስለ ደጋና ቆላም ጥቂት እንበል

ቆላ ደኅና የነበረ ሞተር ደጋ ሲወጣ የሚዛባበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ አየሩ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል። አዋሽ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቤንዚን የሚያሳልፈው ቀዳዳ ግን አልተለወጠም። ስለዚህ ድብልቁ ይወፍራል። ለቆላ የተስተካከለ ሞተር ደጋ ላይ ጥቁር ቢያጨስና ሚኒሞው ቢከብድ አያስደንቅም። እንግዲህ ስትጠይቁት "ከየት መጣህ?" ብላችሁም ጠይቁት።

ሰባተኛ፦ አሁን ካቻቢቴ አንሡ

ይህ ሁሉ ታይቶ ካለቀ በኋላ ብሎን መንካት ይቻላል። ሁለት ብሎን አለ። አንዱ የዙር ብሎን ነው። ሚኒሞውን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ሌላው የድብልቅ ብሎን ነው። አየርና ቤንዚን ይመጥናል።

የድብልቁን ብሎን ከመንካታችሁ በፊት የነበረበትን ጻፉ። ሞተሩን አጥፉ። ብሎኑን ቀስ ብላችሁ እስኪነካ ድረስ አስገቡ፤ ስንት ዙር እንደገባ ቁጠሩ። አታጥብቁት፤ ጫፉ ይጎዳል። ብዙ ጊዜ ከ1 ዙር ተኩል እስከ 2 ዙር ተኩል ይሆናል። ቁጥሩን በደብተር ጻፉና ወደ ነበረበት መልሱ።

አሁን ሞተሩን አሙቁ። የድብልቁን ብሎን ሩብ ዙር አዙሩና ጥቂት ጠብቁ። ድምፁ ተሻለ? በዚያው ቀጥሉ። ባሰበት? ወደ ኋላ መልሱ። ዙሩ ከፍና እኩል የሚሆንበትን ቦታ ስታገኙ አቁሙ። ከዚያ በዙር ብሎኑ ሚኒሞውን ወደ ትክክለኛው ዝቅታ አውርዱ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የድብልቅ ብሎን ሁለት ዓይነት ነው። በአየር ማጣሪያው በኩል ያለ ከሆነ አየርን ይመጥናል፤ ሲገባ ድብልቁ ይወፍራል። በሞተሩ በኩል ያለ ከሆነ ቤንዚንን ይመጥናል፤ ሲገባ ድብልቁ ይሳሳል። የጎረቤት ሞተር ላይ የሠራው በእናንተ ላይ ተቃራኒ ሊሆን ይችላል።

ይህም ሁሉ ካልረዳ ችግሩ እመቃ ላይ ሊሆን ይችላል። የቫልቮላው ክፍተት ሲጠብ ቫልቮላው በደንብ አይዘጋም። እመቃው ያመልጣል። ሞተሩ ሲሞቅ ሚኒሞው ይዛባል፤ መነሣትም ያስቸግራል። ይህን የሚለካው መሣሪያ ያለው መካኒክ ነው። ለእሱ ስጡት።

ደብተሩ ለምን?

"ጻፉ፣ ጻፉ" ያልኩት ለምንድን ነው? ምሳሌ ልስጣችሁ። አንዲት የጤና ሠራተኛ ደብተሯ ላይ እንዲህ ጻፈች እንበል፦

ማክሰኞ። ማጣሪያውን አጠብኩ። ለውጥ የለም።
ረቡዕ። ሞተሩ ሞቆ ቾክ ሳብኩ። ሚኒሞው ተስተካከለ።
ሐሙስ። የጎማው አንገት ላይ ውሃ ረጨሁ። ዙሩ ተለወጠ።

ሦስት መስመር ነው። ግን ይህችን ወረቀት ይዛ መካኒክ ዘንድ ብትሄድ ምን ትላለች? "ሞተሬ ታሟል፣ እንደ ፍጥርጥሩ" አትልም። "ወንድሜ፣ ይህን ጎማ ተመልከትልኝ" ትላለች። መካኒኩም ጊዜ አያባክንም። እሷም ያልተበላሸውን ካርቡሬተር በብዙ ብር አትለውጥም። ማክሰኞ ሁለት ነገር አብራ ብትለውጥ ኖሮ ግን የትኛው እንደረዳ አታውቅም ነበር። ሕጉ ይህ ነው፦ አንድ ነገር ለውጡ፤ አዳምጡ፤ ጻፉ። ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ፊደል የቆጠርነው ደብዳቤ ለማንበብ ብቻ አይደለም። እጃችን የሠራውን እንዳንረሳ፣ በገዛ ንብረታችን ላይ ሌላው ብቻ አዋቂ እንዳይሆንብን ጭምር ነው። ቁጥር መቁጠርም እንዲሁ ነው። የብሎኑን ዙር ቆጥሮ የጻፈ ሰው ቢሳሳት እንኳ ወደ ነበረበት መመለስ ይችላል።

ውድ አድማጮች፣ ለዛሬ በዚሁ ይበቃናል። በቡድን የምታጠኑ በሚከተሉት ጥያቄዎች ተወያዩ። መልሱን በአፍ ብቻ አትተዉት፤ ጻፉት።

1. ሞተር የሚፈልጋቸው አራት ነገሮች ምን ምን ናቸው?
2. ሞተሩ ሞቆ ቾክ ሲሳብ ሚኒሞው ቢስተካከል ምን ማለት ነው?
3. የካንዴላው ጫፍ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቢለብስ ምን እንጠረጥራለን?
4. የሚኒሞ ቀዳዳ ለምን በሽቦ አይወጋም?
5. ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መለወጥ ጉዳቱ ምንድን ነው?

ደኅና ሁኑ። መንገዱን ሰላም ያድርግላችሁ።